በሰም የታተመው ክዳን

የያዙኝ ከትራክተር ሥር ጎትተው ነው። ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ ባለ ማሳ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ የናፍጣ ፊልትሮ እየፈታሁ ነበር። ሁለት እግሬን ይዘው ሲስቡኝ የብሎን መፍቻ ቁልፉን ከእጄ አልጣልኩትምና "መሣሪያ ይዞ ተገኘ" ብለው ጻፉብኝ። ጥፋቴስ ሌላ ነው። ከሳምንት በፊት ስብሰባ ላይ ተነሥቼ "ማዳበሪያውን በግድ ካሸከማችሁን መሬቱንም እናንተው እረሱት" ብያለሁ። ሰው አጨበጨበ። ያጨበጨበው ሁሉ ቤቱ ገባ፤ እኔ ማርቆስ አጠገብ ያለ የድሮ የእህል መጋዘን ገባሁ።

መጋዘኑ ቆርቆሮ ነው። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ በየምስማሩ ቀዳዳ ይገባል። ሃያ ያህል ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ግራ እግራቸው በሰንሰለት የታሰረ አንድ ጠይም ሽማግሌ ብቻ በአፍንጫቸው ሳብ ሳብ አደረጉና፣

"ናፍጣ ገባ!" አሉ። ሰዉ ሳቀ። "ና እኔ ዘንድ ተቀመጥ፤ ይኼ ሽታ ከራቀኝ ወር አልፎኛል።"

ሾፌር ነበሩ። ድሮ የመንግሥት እርሻ ላይ ነድተዋል። ከታሰሩ በኋላም የግቢውን ማሳ በአንዲት ትንሽ ትራክተር ያርሱ ነበር፤ ፀሐይ የሚያዩት በሷ ሰበብ ነው። ከዚያ ሞተሯ እየጠፋ አስቸገረ። ጠዋት ትነሣለች፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ታርሳለች፣ ቀጥ ትላለች። ሲያሳርፏት ደግሞ ትነሣለች።

"አሻጥር ነው አሉኝ" አሉ ሰንሰለቱን እያሳዩኝ። "ፊልትሮውን ቀየርኩ። ውኃውን አጠለልኩ። አየሩን ከፖምፓው አስወጣሁ። ታንከሩን ብቻ አላስነኩኝም።"

"ለምን፣ ጋሼ?"

"ናፍጣ ትሰርቃለህ ብለው ነዋ።"

ያኔ ፊደል አላውቅም ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ሽማግሌው ይህን በሁለተኛው ቀን ደረሱበትና ጠዋት ጠዋት ወለሉን በምስማር እየጫሩ አራት አራት ፊደል ይሰጡኝ ጀመር። ስሳሳት "ጭንቅላትህ አየር ይዟል፤ ግዴለም፣ እናስወጣለታለን" ይሉኛል። ሰው ሲስቅብኝ አልወድም። እሳቸው ሲስቁብኝ ግን አልከፋኝም።

በዐሥረኛው ቀን የእስር ቤቱ አዛዥ ራሱ መጣ። በዕድሜ ያንሰኛል። የኛው አገር የገበሬ ልጅ መሆኑን አነጋገሩ ይመሰክርበታል።

"መካኒኩ የታለ? ና ውጣ። ከሠራሃት ደግ። ካልሠራሃት የሽማግሌው ግብረ አበር ነህ።"

ስወጣ ሽማግሌው "ከታች ወደ ላይ ሂድባት" አሉኝ።

ትራክተሯ የጀመረችው ትልም ላይ ቆማለች። አንድ ጠባቂ ጠመንጃውን ታቅፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

"ሰይጣን ነው የያዛት" አለኝ። "ጠበል እንርጫት ብላቸው እምቢ አሉኝ።"

"ናፍጣዋ ውስጥ እንዳትጨምርባት እንጂ እርጫት" አልኩት።

ከታች ጀመርኩ። ፖምፓው ላይ ያለችውን ብሎን ላላ አደረግኋት፤ ናፍጣው ንጹሕ ሆኖ ፈሰሰ፣ አረፋ የለውም። አጠበቅኋት። አስነሣኋትና ጠበቅሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድምፅዋ ቀጠነ፣ ተንገጫገጨች፣ ጠፋች። ያችኑ ብሎን መልሼ ፈታሁ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ታንከሩን በጣቴ አንኳኳሁት፤ ከግማሽ በላይ ናፍጣ አለው። አለ፣ ግን አይወርድም።

ቀና ብዬ ክዳኑን አየሁ። ዙሪያውንም አናቱንም ቢጫ ሰም ፈሶበታል። ሰሙ ላይ ክብ ማኅተም ተመትቶበታል። የአዛዡ ማኅተም ነው። እስረኛ ናፍጣ እንዳይሰርቅ ብሎ፣ በተሞላ ቁጥር ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ሰም አቅልጦ ያፈስበታል፣ ራሱ ያትምበታል። ጎጃም ውስጥ ሰም መቼ ይቸግራል። ክዳኑ ላይ ግን መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ታንከር የሚተነፍሰው በሷ ነው። ናፍጣው ሲጎድል በቦታው አየር ካልገባ፣ የቀረው እዚያው ታንቆ ይቀራል፤ ስትቆም አየር በጥቂት በጥቂቱ ሾልኮ ይገባና ደግሞ ትነሣለች። ሰውዬው ቀዳዳዋን ከነክዳኑ አትሟታል።

ጠባቂው ወዲያ ዞር ሲል ከአጥሩ እሾህ ሰብሬ ሰሙን ወጋሁት። ታንከሩ አየር ሲስብ ሰማሁ። ረጅም ትንፋሽ ነው። የሰው ይመስላል።

ከዚያ በኋላ አንዴም ሳትጠፋ እስከ ማታ አረሰች። አዛዡ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጠባቂዎቹ ይሳሳቃሉ፤ አንዱ እንዲያውም ሲጋራ ሰጠኝ።

"ሽማግሌው ምን አድርጓት ነው?" አለኝ አዛዡ።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ሁሉም ደስ ብሎታል፤ ምናልባት አዛዡም ስቆ ያልፈው ነበር። ማኅተሙን አየሁ። ፊቱን አየሁ።

"እንጃ" አልኩ።

መጋዘን ስመለስ ሽማግሌው "ምን ነበር?" አሉኝ።

"ሰሙ ነው፣ ጋሼ። መተንፈሻዋን ደፍኗታል።"

ሰንሰለታቸው እስኪንቋቋ ሳቁ። "እኔን በሰም አሰሩኝ በለኛ!" ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው "ነገርካቸው?" አሉ።

"አልነገርኩም።"

ሰንሰለታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ነገ ትነግራቸዋለህ።"

በማግስቱ አልነገርኩም። በሦስተኛውም ቀን አልነገርኩም። ሽማግሌው አልጠየቁኝም፤ ፊደሌን እንደ ልማዳቸው ሰጡኝ። ፊደሉን አንገቴን ደፍቼ ተማርኩ።

በአራተኛው ቀን ቢሮ ጠሩኝ። ሽማግሌው ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ጸሐፊው አንድ ወረቀት አነበበልኝ፤ ሾፌሩ ሆነ ብሎ የመንግሥት ንብረት ማበላሸቱን እኔ መካኒኩ አይቼ መስክሬያለሁ ይላል።

"ጣትህን አድርግና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ" አለ አዛዡ።

ጸሐፊው አውራ ጣቴን ይዞ ቀለም ቀባው። ሽማግሌውን አላየኋቸውም፤ ድምፃቸውን ግን ሰማሁ።

"አድርግ ልጄ። ሚስት አለችህ። እኔ እንደሁ ያው ነኝ።"

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት። ቀለሙ ቶሎ አይለቅም፤ ደጋግሜ ጠረግሁት።

"ያበላሻት ሰሙ ነው" አልኩ። "ሰሙን ያፈሰስከው አንተ ነህ። እሾህ የወጋሁበትን ቀዳዳ በሰምህ ድፈነውና አሳርሳት፤ ግማሽ ሰዓት አትሄድም።"

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በሩ ላይ የቆመው፣ ያ የጠበሉ ጠባቂ፣ ሳል ያዘው። አዛዡ አልጮኸም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈና ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አልጽፍም። ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ አይሰማም።

ከሁለት ቀን በኋላ ሽማግሌውን "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" አሏቸው። ዕቃቸው አንድ ብርድ ልብስ ነው። በሩ ላይ ዞር ብለው "የቀረውን ፊደል ራስህ ጨርስ" አሉኝ። መኪና ሲነሣ ሰማን። ወዴት እንደሄደ የነገረን የለም። እኔ ከዚያ ስምንት ወር ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ያ ጠባቂ ጠጋ ብሎ "አሁንም ሰም ያፈሳል፤ ቀዳዳዋን ግን ይተዋታል" አለኝ። ያስቀኛል ብሎ ነው።

ስፈታ ወደ ሽማግሌው አገር ወደ ሮብ ገበያ ሄጄ ባለቤታቸውን ፈለግሁ። አልተመለሱም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሦስቱን ቀን ጭምር።

"ያን ዕለት ተናግረህ ቢሆን ኖሮ ይመጣ ነበር?" አለችኝ።

አፌ ላይ የመጣውን "እንጃ" ዋጥኩት። "ይመጡ ይሆናል" አልኳት። ጠላ ቀዳችልኝ፤ አጠገቤ ግን አልተቀመጠችም።

ፊደሉን ጨርሻለሁ። ይህንን የጻፍኩት በእጄ ነው። ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ናፍጣ አልወርድ ያላት ትራክተር ስትመጣልኝ ከሁሉ በፊት ክዳኗን እከፍትና ደህናውን ጆሮዬን አስጠጋለሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ነው። አንዳንዴ ያ ረጅም ትንፋሽ ይመጣል፤ ያኔ ቁልፉን አስቀምጬ ትንሽ እቀመጣለሁ። ባለትራክተሩ መጥቶ "ምን ነበር?" ይለኛል። ያበላሻት ራሱ ከሆነ "አንተ ነህ" እለዋለሁ። ይቆጣል። በዚያው ሌላ ጋራዥ የሚሄድ አለ። ይሂድ። "እንጃ" አልልም።