የሚጡ ዓይኖች የዘለሉ ጊዜ

የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ጋራዥ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከስምሪት ኃላፊው ጀምሮ እስከ ጎማ ሠራተኛው ሁሉም "ፍሬን የለሽ" ይላታል። መኪናዋ ፍሬን አጥቶ አያውቅም፤ በዚያ ረጅም አውቶቡስ የሰው ስፖኪዮ እንኳ ነክታ አታውቅም። ፍሬን የለውም የተባለው አፏ ነው። ገና ስትቀጠር አንድ መካኒክ "ይሄን መሪ በዚህ ክንድሽ ልታዞሪው ነው?" ቢላት፣ "የኔን ክንድ ተወውና አንተ ያሰርከው ብሎን እንዳይወልቅ ጸልይ" አለችው። ቅጽል ስሙ ያን ቀን ተለጠፈባት። እሷም አልጠላችውም።

ባሏ አናጢ ነው፣ ሲበዛ ዝምተኛ። ልጃቸውን ሚጡን ቀን ቀን የሚይዙላቸው አማቷ ናቸው። ሚጡ ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል። እግር ካወጣች ወዲህ መሮጥ እንጂ መራመድ የማታውቅ፣ ከአልጋ ሥር የአያቷን ጫማ እየጎተተች ባልዲ ውስጥ የምትነክር ቅብጥብጥ ናት።

ጉንፋን ይዟት ሰነበተና ለቀቃት። ከዚያ አንድ ጠዋት ፍሬን የለሽ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ስታጠልቅላት ቀና ብላ አየቻት። የሚጡ ዓይኖች እናትየው ላይ አላረፉም። ወደ ላይ ዘለሉ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ደግሞ ወደ ላይ፤ የጋለ ድስት ውስጥ እንዳለ ፈንዲሻ መድረሻቸው አይታወቅም። ትንሽ ጋብ አሉ። ደግሞ ጀመሩ።

"ሚጡ! እስቲ እዪኝ። እኔን እዪኝ!"

ልጅቷ ልታያት ስትሞክር ጭራሽ ባሰባት። ተነሳች፣ እግሯ ተብረከረከ፣ ዘጭ ብላ በቂጧ ተቀመጠችና ለለቅሶ አፏን ከፈተች።

"እማማ! ይምጡ እስቲ፣ ይቺን ልጅ ይዩልኝ!"

አማቷ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩ። "እንቅልፍ አልጠገበችም" አሉ። "ጥርስም እያወጣች ነው። አንቺ ደግሞ ትንሿን ነገር ካገኘሽ..."

አናጢው ከበሩ ሆኖ "የአጎቴ ልጅም እኮ ዓይኑ ይወዛወዛል" አለ። "ይኸው ትልቅ ሰው ሆኖ ልብስ ሰፍቶ ያድራል።"

"እሱ ከተወለደ ጀምሮ ነው! የሱ ዓይን ደግሞ ግራ ቀኝ ብቻ ነው የሚለው፣ እንደ ዝናብ መጥረጊያ። ይቺ ልጅ ትናንት ዓይኗ ደህና ነበር። ትናንት ትሮጥ ነበር!"

ሁለት ለአንድ ሆኑባትና ወጣች። ግን ቀኑን ሙሉ ልቧ ቤት ቀረ። ልጅ የታቀፈ ሰው በተሳፈረ ቁጥር በስፖኪዮው አሻግራ የልጁን ዓይን ታያለች። ሁሉም የተረጋጉ ዓይኖች ናቸው፤ ያዩትን ነገር ይዘው የማይለቁ። ማታ ስትገባ ሚጡ መሄድ ትታ ወደ መዳህ ተመልሳለች። ማንኪያ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ያለወትሮዋ ማንም ሲነካት ትጮኻለች።

በማግስቱ ፍሬን የለሽ በጠዋት ስምሪት ክፍል ገባች። "ዛሬ መኪናውን ሌላ ሰው ይያዝልኝ። ልጄን ሐኪም ቤት ልወስድ ነው።"

"ምን ሆነች?" አላት ኃላፊው።

"ዓይኗ ይዘላል።"

ሰውየው ሳቀ። "የማን ዓይን የማይዘል አለ? የኔ ግራው እንግዳ ሊመጣ ሲል ይርገበገባል። ለዚህ ብለሽ አውቶቡስ ልታቆሚ?"

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ጋሼ፣ ላሳውቅዎት እንጂ ፈቃድ ልጠይቅዎት አልመጣሁም።"

"እቀጣሻለሁ!"

"ይቅጡኝ!" አለችው ከበሩ ወዲያ ሆና።

ክሊኒኩ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ሚጡ ወጣቱን ሐኪም ገና ስታየው ዓይኗን ጨፍና ጩኸቷን ለቀቀችው። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፣ ጉሮሮዋን አየ። "ጉንፋኑ ያመጣው ይሆናል፤ ሳምንት ቆይተን እንያት" አለ።

"ዓይኗን አላዩትም እኮ።"

"አልገልጥም አለች፣ ምን ላድርግ? ውጭ ያለውን ሰው ያዩታል። እህቴ፣ ይረዱኝ።"

"እረዳዎታለሁ። ግን እሷ ዓይኗን እስክትገልጥ ከዚህ ወንበር አልነሳም።"

ነርሷ በሩን ከፍታ "ቀጣይ!" ብትል የሚወጣ ሰው የለም። ወረፋው ማጉረምረም ጀመረ። "ሴትዮዋ ምን ሆና ነው? እኛስ አልታመምንም?" አለ አንዱ።

ፍሬን የለሽ ዞር ሳትል መለሰች። "ታማችኋል። ልጄ ዓይኗን ስትገልጥ እወጣላችኋለሁ። ከዚያ በፊት የፈለገ ከነወንበሩ ተሸክሞ ያውጣኝ!"

ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ከወረፋው መሀል "ተዉአት" አሉ። "የኔ ጉልበት ይሄን ሁሉ ዘመን አሞኛል፤ ዛሬን ቢጨምር አይገድለኝም።"

ፍሬን የለሽ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንደ አውቶቡስ ሞተር ማጉረምረም ያዘች። ማርሽ ቀየረች፣ ዳገት ወጣች፣ ፌርማታ ደርሳ "ጵሽሽ" ብላ በር ከፈተች። ሚጡ ለቅሶዋን እየቀነሰች፣ እየቀነሰች መጣችና በሩን ልታይ ዓይኗን ገለጠች። ዓይኖቿ ዘለሉ።

ሐኪሙ ተንበረከከ። እስክሪብቶውን ከፊቷ ወዲያ ወዲህ አደረገ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

"መቼ ጀመራት?"

"ትናንት ጠዋት።"

"ከዚያ በፊት ፈጽሞ አልነበረም? ትሄድ ነበር?"

"ትሮጥ ነበር!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አላት። "ከልደቷ ጀምሮ የነበረ፣ ግራ ቀኝ ብቻ የሚል ቢሆን ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ አሲዤ እሸኛችሁ ነበር። እሱም መታየት አለበት፣ ብዙ ጊዜ ግን አያጣድፍም። እንዲህ በድንገት የመጣ፣ በየአቅጣጫው የሚዘል፣ እግርና እጅንም የያዘ ሲሆን ለነገ አይባልም። ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። የሚያውቁ አሉ፤ አሁኑኑ እደውላለሁ።" ስልኩን አንስቶ ጆሮው ላይ እንዳደረገ "ዓይኗን በስልክዎ ይቅረጹት" አላት። "እዚያ ስትደርሱ ብትተኛ ወይ አልገልጥም ብትል ያሳዩአቸዋል።"

ሐኪሙ በላካቸው ትልቅ ሆስፒታል የተቀበሏቸው ጠና ያሉ የሕፃናት የነርቭ ሐኪም ናቸው። ቪዲዮውን ደጋግመው አዩ፤ ሚጡን እጇን ይዘው አቆሟት። "ሆዷንና ደረቷን አሁኑኑ በምስል ማየት አለብን" አሉ።

"ሆዷን? እኔ ዓይኗን ይዤ መጥቼ?"

"ስሚኝ፣ ልጄ። አንዳንዴ ዓይን እንዲህ ሲሆን ሰውነት ውስጥ የተደበቀች እጢ ትኖራለች። ሰውነቷ እጢዋን ልዋጋ ሲል ተሳስቶ የራሷን አንጎል ይመታል። ላትኖርም ትችላለች። ካለች ግን ፈልገን ማግኘት አለብን።"

ነበረች። ከኩላሊቷ በላይ፣ የእንቁላል አስኳል የምታህል። እጢዋ መውጣት አለባት አሉ ሐኪሟ።

ቤት ውስጥ ያኔ ነው ጉድ የፈላው። "ዓይኗን አመማት ብለሽ ወስደሽ ሆዷን ልታስቀድጂ!" አሉ አማቷ። "ይቺን ጭብጥ የማትሞላ ልጅ! አንተስ አባት አይደለህም? ተናገር እንጂ!"

አናጢው ወለሉን እያየ "ትንሽ ብንቆይስ?" አለ።

"ምን እስክትሆን?" ፍሬን የለሽ ወደ ሁለቱም ዞረች። "እማማ፣ ከኔ እኩል እንደሚወዷት አውቃለሁ። ግን ቁጭ ብዬ እያየኋት አላለቅስም። እጢዋ ገና ስላልተሠራጨች አሁን ብትወጣ ይሻላል ብለውኛል። እርስዎም ይርገሙኝ፣ አንተም አኩርፈኝ። ነገ ይዣት እገባለሁ።"

ጠዋት ስትነሳ ግን አናጢው የልጅቷን ብርድ ልብስ ብብቱ ሥር ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። "ልጅቷን እኔ ልቀፋት" አለ። "አንቺ ለንግግሩ ትበጂናለሽ።"

ቀዶ ጥገናው በደህና አለፈ። ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሬን የለሽ እጢዋ ስትወጣ ዓይኑም አብሮ የሚቆም መስሏት ነበር፤ አልቆመም። ሰውነቷን ከገዛ አንጎሏ ጋር የሚያስታርቅ መድኃኒት ያስፈልጋታል ተባለ፤ ለረጅም ጊዜ። መድኃኒቱ የሚጡን ፊት አሳበጠው፤ ጠባይዋንም እሳት አደረገው። ሐኪሟ አልደበቋትም። ንግግሯ ሊዘገይ ይችላል፣ ትኩሳት በያዛት ጊዜም የዓይኗ መዝለል ሊመለስባት ይችላል አሏት። ጋራዥም ስትመለስ ኃላፊው ቃሉን ጠብቆ ማርሹ የሚያንቋቋ አሮጌ አውቶቡስ ሰጣት። ተቀብላ ነዳችው። መንገድ ላይ ጎረቤቷ ሚጡን አይታ ከንፈሯን ስትመጥ፣ "ከንፈርሽን ለራስሽ ያዢው! ልጄ ሕክምና ላይ ናት እንጂ ለቅሶ አልተቀመጥንም" አለቻት።

ዓይኖቹ ቀስ በቀስ እየተረጋጉ መጡ። አንድ ቀን ሚጡ እግሮቿን አንፈራጣ ግድግዳ ሳትይዝ የአባቷ የሥራ ወንበር ድረስ ሄደች። አናጢው መዶሻውን አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ክረምት ሲገባ ሚጡን ትኩሳት ያዛት። ፍሬን የለሽ መጨረሻ ፌርማታ ቆማ ተሳፋሪ ስታወርድ ስልኳ ጮኸ። አማቷ ናቸው፤ ከኋላቸው ጫጫታ ይሰማል።

"እማማ! የት ነዎት?"

"ሆስፒታሉ በር ላይ ነኛ! ዓይኗ ሲዘል አየሁ፣ ታክሲ ይዤ መጣሁ። ይሄ ዘበኛ ተራ ይያዙ ይለኛል! የልጅ ዓይን በድንገት ሲዘል ተራ የለውም፣ ሐኪሟን ጥራልኝ አልኩት። ቆይ፣ ቆይ... ይኸው ከፈተ!"

ስልኩ ተዘጋ። ፍሬን የለሽ መሪው ላይ ተደግፋ እያለቀሰች ሳቀች።

መድኃኒቱ ተስተካከለላትና ዓይኖቿ እንደገና ተረጋጉ። ሚጡ ዛሬ ትሮጣለች፣ ትወድቃለች፣ ተነስታ ትሮጣለች። ክትትሏን አላቋረጠችም። ከእኩዮቿ ይልቅ ቃላት ያንሷታል፤ ካሏት ውስጥ አጥርታ የምትናገረው "አልፈልግም" የሚለውን ነው። አያቷ "ይሄን ደግሞ ከማን ተማረችው?" ይላሉ። አናጢው አንዴ እናቱን፣ አንዴ ሚስቱን ያይና መዶሻውን ያነሳል።