ቁልፉን ራሱ የማያውቀው ማህጁብ

ስለ ማህጁብ የምጽፈው ብዙ ሰው ክፉ ስላወራበት ነው። እኔም አውርቼበታለሁ። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ፊደል ብስት ታገሱኝ።

ማህጁብ አሶሳ ከገበያው ጀርባ ማመልከቻ የሚጽፍበት አንድ ክፍል ቤት አለው። አባቱ መንጌ በሚባለው አገር ወርቅ አጣቢ ነበሩ። ወርቅ አጣቢ የቀናበትን ቦታ ለወንድሙም አይናገርም፣ ልጁም እንደ አባቱ ነው ይላሉ። የኮምፒውተሩን ፊት ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚጽፈው። የተበላሸ ወረቀት አይጥልም፣ ቆርቆሮ ውስጥ ያቃጥለዋል። ያየ ሰው ሁሉ ይሄ ሰውዬ ምን ይደብቃል ይላል።

እኔን ወደ እሱ የወሰደኝ የአባቴ ድምፅ ነው። አባቴ ሊያርፍ ሲል የማንጎ ዛፎቹን ማን እንደሚወስድ በኦሮምኛ ተናግሮ ነበር፣ በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ጅረኛ ደግሞ አባባ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረም ይላል። የምንኖረው አንድ ግቢ ነው። ነገሩን የያዙት ሽማግሌ ኦቦ ዳበሳ፣ "ቅዳሜ ድምፁን አምጪ፣ ለቀበሌ የሚሆነውንም በአማርኛ አስጽፊ" አሉኝ።

ማህጁብ ድምፁን ከስልኬ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባና ወደ ፍላሽ ገለበጠልኝ።

"ኮምፒውተርህ ላይ እንዳይቀር" አልኩት። ፈርቼ ነው እንጂ ሰው ማዘዝ አልችልም።

"አጠፋዋለሁ። ይኸው እያየሽ።"

አጠፋው። በሁለተኛው ቀን የስልኬ ባትሪ አብጦ ስልኩን ጨርሶ አበላሸው። የአባቴ ድምፅ እዚያች ፍላሽ ላይ ብቻ ቀረ።

ሊጽፍልኝ በተቀመጠ ቀን ፍላሿን ሰክቶ የአባቴን ድምፅ ደጋግሞ ሰማ፣ ከዚያ የማላውቀውን ነገር ነገረኝ። ኮምፒውተሩ ሊኑክስ በሚሉት ፕሮግራም ነው የሚሠራው። የሚጻፈው ነገር መጀመሪያ የሚገባው መብራት ሲጠፋ የሚረሳው ቦታ ውስጥ ነው። እሱ ሲሞላ ትርፉን ዲስክ ላይ ያፈሰዋል፣ ያ ቦታ ስዋፕ ይባላል። ዲስክ ደግሞ አይረሳም። አንዴ ማህጁብ ያገለገለ ዲስክ ገዝቶ ስዋፑን ቢያይ የማያውቃት ሴትዮ የፍቺ ማመልከቻ ግማሹ ተቀምጦ አገኘ።

"ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም" አለ። "የእኔንም ዲስክ አንድ ቀን ሌላ ሰው ይገዛዋል። ስለዚህ ለስዋፑ ብቻ ሌላ ትንሽ ዲስክ አስገባሁና ቆለፍኩት።"

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"ማንም ጋ አይደለም። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ራሱ አዲስ ይፈጥራል፣ ሲጠፋ ይረሳዋል።"

"አንተም አታውቀውም?"

"ወላሂ እኔም አላውቀውም።"

አላመንኩትም። የራሱን ቁልፍ የማያውቅ ሰው የት አለ? 

ግማሽ ገጽ እንደጻፈ መብራት ሄደ። ፍላሿ እንደተሰካች ናት። ቤት እንዳልወስዳት ጅረኛ አለ፣ እዚያ እንዳልተዋት ማህጁብ አለ። ብዙ ቆሜ አሰብኩ። በኋላ ማህጁብ ይሻላል ብዬ ተውኳት። ወጥቼ መንገዱን ስሻገር ጅረኛ ከማህጁብ ቤት ጎን ባለው ሻይ ቤት ተቀምጧል። ማህጁብ በሩን ቆልፎ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ብርጭቆም ቀረበለት። 

በማግስቱ ጠዋት ማህጁብ እግሩን አቧራ አልብሶ ግቢያችን በር ላይ ቆመ። ቤታችን መጥቶ አያውቅም።

"ቃናኒ፣ ፍላሽሽ ተበላሸች። ያበላሸኋት እኔ ነኝ።"

 እሱ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ለኮምፒውተሩ "በየጊዜው ስትነሳ ሁለተኛውን ዲስክ ቆልፈህ ስዋፕ አድርገው" ብሎ ጽፎለት ነበር። ጠዋት ሲያበራው የእኔ ፍላሽ እንደተሰካች ረስቷል።

"አግዳሚ ላይ ሁለተኛ የተቀመጠውን ሰው አስነሳ እንደማለት ነው" አለ። "ሌላ ሰው ቀድሞ ከገባ ሁለተኛው ሌላ ሰው ይሆናል። ፍላሽሽ ሁለተኛ ሆና ተቆጠረች፣ እሷን ስዋፕ አደረጋት። በተራ ሳይሆን ዲስኩን በራሱ መለያ ቁጥር መጻፍ ነበረብኝ። አውቅ ነበር። ቸኮልኩ።"

"የጻፍከውስ ግማሽ ገጽ?"

"እኔ ጽሑፉ ታትሞ ሳይወጣ ምንም ዲስክ ላይ አላስቀምጥም። ስዋፑ ላይ የፈሰሰ ቢኖርም የትናንቱ ቁልፍ የለም።"

"ራስህ ቆልፈህ ራስህ ተቆለፈብህ በለኛ" አልኩት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። አልተቆጣም።

በልቤ ግን የትናንቱን ሻይ እያሰብኩ ነበር። ወንድሜ ስንት ከፈለህ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

የጠፋ ነገር የሚፈልግ ፕሮግራም አለው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፍላሿን ሲያስፈትሽ ሰነበተ። ድምፁ አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር፣ ሦስቱን አገኘ። አባቴ ያስላል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ ስለታመመችው ላም ይናገራል። ስለ ማንጎ አንድም ቃል የለም። ጥሩ አድርጎ መርጦ አጥፍቶታል አልኩ በሆዴ።

ቅዳሜ ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። ማህጁብ ሳይጠራ መጣና የሆነውን ሁሉ ተናገረ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ኦቦ ዳበሳ ወደ እሱ ዞሩ።

"ድምፁን ሰምተሃል?"

"ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ።"

"ኦሮምኛ ትሰማለህ?"

"ከባምባሲ ኦሮሞ ጋ ሃያ ዓመት ነግጄ ካልሰማሁ ጆሮዬን ቁረጡት።"

ሰው ትንሽ ሳቀ። እኛ ዘንድ ምስክር አፉን ከመክፈቱ በፊት ሁለቱም ወገን ይጠየቃል። ተቀበልኩ ያለ ምስክሩ የሚለው ቢጎዳውም አይመለስም። ኦቦ ዳበሳ መጀመሪያ ጅረኛን ጠየቁት።

"እቀበላለሁ" አለ፣ ወዲያው።

 ለምን ፈጠነ? አልቀበልም ብል ሌላ ማስረጃ የለኝም፣ ማንጎው በዚያው ይቀራል። እቀበላለሁ ብል ሻዩን የጠጣው ሰው አፍ ውስጥ ገባሁ። ማህጁብን አየሁት። መሬት መሬቱን ያያል። ሊክደኝ የፈለገ ሰው ዝም ብሎ ፍላሿ አሮጌ ነበረች ቢለኝ ምን አውቅ ነበር? ግቢዬ ድረስ መጥቶ እኔ ነኝ ያለው እሱ ነው።

"ልጄ፣ እየጠበቅንሽ ነው" አሉ ኦቦ ዳበሳ።

"ይናገር" አልኩ። 

ማህጁብ ተነስቶ ቆመ። "በወንዙ በኩል ያሉት አራት ማንጎዎች የቃናኒ ናቸው ብለዋል። ቤቱ የጅረኛ።" ቀጥሎም፣ "በበሩ ያለችው ትልቋ ማንጎም የጅረኛ ልጆች ናት ብለዋል" አለ።

ይህችን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ከሁሉ የምታፈራው እሷ ናት። አንገቴን ደፋሁ። ኦቦ ዳበሳ "እውነት ነው?" ሲሉኝ "ነው" አልኩ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ስንመለስ ጅረኛን ጠየቅኩት። "ለምን ቶሎ ተቀበልከው?"

"ሻይ ጋበዝኩት። እህቴ ምን አስጻፈች ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። ሻዩን ጨርሶ ስለ ዝናብ አወራኝ። ለእኔ ያላወጣ ለአንቺም አይዋሽም አልኩ።"

እውነቱን ይሁን አላውቅም፣ ጅረኛ ብዙ ያወራል። ማህጁብ ግን ስዋፑን በመለያ ቁጥሩ አስተካክሎ ጽፎታል፣ አሁን የሰው ፍላሽ እየነቀለ ነው በሩን የሚዘጋው። ለቀበሌ የሚሄደውን የጻፈልኝ እሱ ነው። ትልቋ ማንጎም በጅረኛ ልጆች ስም በትክክል መጻፏን ቆሜ ፊደል በፊደል አነበብኩ።