የአያቴ የድልድይ ጥያቄ

አያቴ የወረዳው የበጀት ውይይት አንድም ዓመት አምልጧቸው አያውቅም ነበር። ነጠላቸውን አደግድገው ይነሡና ያንኑ ይጠይቁ ነበር፤ "ፌዴራል ለክልል፣ ክልል ለወረዳ ሰጠ ትሉናላችሁ። ለእኛ ወንዝ ድልድይ የሚሰጠው ማነው?"

"አባባ፣ ዘንድሮም አሉ?" እያለ ሰብሳቢው አዳራሹን ያስቅባቸው ነበር።

"ወንዙም አለ፤ እኔም አለሁ።"

ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ሰብሳቢው "መልስ የሌለውን ጥያቄ አትጻፊ" ሲለኝ በየዓመቱ እሺ ብዬ እተወው ነበር፤ ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። አያቴ ግን ወንዙ ሞልቶ ወደ ቢቸና ገበያ መሻገር ያቃተውን ጎረቤት ሁሉ "ግድ የለም፣ ልጄ ጽፋዋለች" እያሉ ያጽናኑ ነበር።

ዘንድሮ ታመው ተኙ። ጎረቤቶች መጥተው "ማን ይጠይቅልን?" ሲሏቸው፣ "ማንም አይድከም፤ ይችው ልጄ በየዓመቱ ጽፋዋለች" ብለው ወደ እኔ አመለከቱ። ሁሉም አመሰገኑኝ። ቡና ቀዳሁላቸው። አያቴ በሳምንቱ ዐረፉ።

ውይይቱ የተካሄደው ከቀብራቸው በኋላ ነው። አያቴ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ጃኬቱን አስቀመጠ። ሰብሳቢው የቀበሌያችንን ስም ጠርቶ ጥቂት ጠበቀ። እጁን ያነሣ አልነበረም።

"ጥያቄ የለም ብለሽ ጻፊ" አለኝ።

ጻፍሁ።