ሲስተር የሺሀረግ እና አላርፍ ያሉት እግሮቼ

አንዲት ሴት ጥቁር ጨርቅ በክንዷ አንጠልጥላ ቡሬ ገበያ ዳር ወዳለው ስፌት ቤቴ ገባች። «ዛሬውኑ አድርስልኝ፤ ፍኖተ ሰላም ለቅሶ ልወርድ ነው» አለችኝ። ልኬቷን እየወሰድኩ «ነፍስ ይማር፤ ማን ዐርፎ ነው?» አልኳት። «ሲስተር የሺሀረግ» አለች። «የትኛዋ?» አልኩ፤ ሁለት እንዳሉ ሁሉ። «ኧረ የአእምሮዋ ሲስተር! ማለዳ የደም ግፊቱ ተነስቶባቸው ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ዐረፉ።»

ግፊት! እኒያ ሴት አይደሉም እንዴ ቤት ለቤት እየዞሩ «መድኃኒት የሚሠራው ሲዋጥ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ማንንም አያድንም» ሲሉን የኖሩት? የራሳቸውን ይውሰዱ አይውሰዱ አላውቅም። ማን ጠይቋቸው ያውቃል? ሁላችንም የየራሳችንን ሕመም ተሸክመን እሳቸው ደጃፍ እንሰለፍ ነበር እንጂ። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን እንጃ። ጥቁሩን ቀሚስ ሰፋሁ፤ ስፌቱ ጠመመብኝ፤ ተረተርኩት፤ እንደገና ጠመመ። ይህንንም ስጽፍ እነሳለሁ፣ በር ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። የምታውቋቸው ሁሉ እባካችሁ ታገሡኝ።

ላላወቋቸው ልናገር። ሲስተር የሺሀረግ በፍኖተ ሰላም የአእምሮ ሕሙማንን የሚያክሙ ነርስ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ ሲራመዱ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ የማይረጋ ሴት ነበሩ። ቀጠሮ የቀረ በሽተኛ ካለ የገበያ ቀን ጠብቀው ቡሬ ድረስ ይመጡና ዘመዶቹን ከእህል ተራ፣ ከበርበሬ ተራ ፈልገው ያገኛሉ። የሚጠይቁትም ሁልጊዜ «ልጅዎ ይተኛል ወይ?» ብለው ነው። አንድ ጊዜ ከጅጋ ከተማ ወዲህ ባለ ገጠር በገመድ የታሰረ ጎልማሳ ቤት ገቡ። ፍቱት ብለው አልተቆጡም። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እያጫወቱ ጥፍሩን ይቆርጡለት ጀመር። ሲጨርሱ አባትየው ራሳቸው ተነስተው ገመዱን ፈቱት።

እኔ ወደ እሳቸው የሄድኩት ባለቤቴ እናንየ እያለቀሰች ጎትታኝ ነው። የስፌት መኪናዬ ስሜን መጥራት ጀምሮ ነበር። በርበሬ የሚመዝን ሰው እጁን ካነሳ ለእኔ ምልክት ነው፤ ባጃጅ ጥሩንባ ከነፋ ስለ እኔ ነው፤ ገበያተኛው ሲስቅ በእኔ ነው። ሲስተር አንዲት ቃል ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ሰምተው ሲያበቁ የሸሚዜን አዝራር ያዝ አደረጉ።

«አንተ ልብስ ሰፊ ነህ፤ ይህ ይገባሃል» አሉኝ። «አእምሮህ ውስጥ ዶፓሚን የሚባል መልእክተኛ አለ። አዝራሩ እሱ ነው። ተቀባይ የምንለው ደግሞ የአዝራሩ ቀዳዳ ነው። አዝራሩ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ አእምሮ ‹ይህ ቁም ነገር ነው፤ ልብ በል› ይላል። አንተ ዘንድ አዝራሩ በዝቶ፣ የማይረባው ሁሉ ቁም ነገር ሆኖብሃል። የምሰጥህ መድኃኒት ቀዳዳውን ይይዛል፤ ግን አይቆልፍም።»

ገባኝ። ዋጥኩት። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። የስፌት መኪናዬም ዝም ብሎ መስፋቱን ያዘ።

ከዚያ እግሬ ተነሳ። ይህን ያልደረሰበት አያውቀውም። ቁርጥማት አይሉት፣ ማሳከክ አይሉት፤ ከውስጥ ሆኖ ተነሥ፣ ተነሥ የሚል ነገር ነው። ስቀመጥ ያንገበግበኛል፤ ስነሳ ልቀመጥ እላለሁ፤ ገበታ ቀርቦ ጉርሻዬን ሳልውጥ ደጅ ነኝ። የሚያሳርፈኝ የመኪናውን ፔዳል መርገጥ ብቻ ስለነበር ክርም ጨርቅም በሌለበት እረግጣለሁ። ጎረቤት በመስኮት አይቶ «እሰይ! ሥራ ወደደ» አለ። እናንየ ግን ፈርታ ለሲስተር «ባሰበት፤ አልረጋ አለ» ብላ ነገረቻቸው። ሲስተርም ሕመሙ ያገረሸብኝ መስሏቸው መድኃኒቱን ጨመሩት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይኸ ነው።

ወሬው አማቴ አያ ታከለ ጆሮ ደረሰ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ቀያቸው፣ ዛፍ ሥር ሽማግሌ አስቀምጠው አስጠሩኝ። ጥያቄው አንድ ነው፤ እናንየ ከእኔ ጋር ትኑር ወይስ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ? በአገራችን ደንብ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው ያመለከቱት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ነገሩ አልቆ እስኪመረቅ ድረስ አይነሳም። መነሳት ንቀት ነው። እኔ ደግሞ ተቀመጥ ሲሉኝ እቀመጣለሁ፤ ዳኝነቱን የያዙት መሪጌታ ተናግረው ሳይጨርሱ ተነስቼ ዛፉን እዞራለሁ። «ምነው ልጄ፣ እኛን ንቀህ ነው?» አሉኝ። «ኧረ በፍጹም አባቴ!» እላለሁ፤ እያልኩም እሄዳለሁ። አንዱ ሽማግሌ «ያደረበት ነገር ነው፤ ሊለቅ ሲል እንዲህ ያቅበዘብዛል» አሉ።

አማቴ ተቆጡ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። እኔ ልጄን እወስዳለሁ። እሱም ያንን ኪኒን ጥሎ ጸበል ይግባ» አሉ። እናንየ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። እውነቱን ለመናገር ኪኒኑን እኔም በልቤ ጥዬዋለሁ። ድምፁ ቢመለስ ይመለስ፣ ይህ እግር ብቻ ይረፍልኝ ብያለሁ። የጨነቀኝ የእናንየ ነገር ነበር። እሷ ከሄደች ቤቱ ውስጥ ማን ሰው ብሎ ይጠራኛል?

ለካ እናንየ ጠዋት ለሲስተር ደውላላቸው ኖሯል። በባጃጅ፣ አቧራ ለብሰው ደረሱ። ሽማግሌዎቹን እጅ ነስተው ቆሙና እግሬን ይመለከቱ ጀመር።

«ድምፁ አለ?» አሉኝ።

«እሱማ ከጠፋ ቆየ።»

«የማያርፈው ሐሳብህ ነው ወይስ እግርህ?»

«እግሬ ነው እንጂ! እግሬ እግሬ እያልኩ ማን ሰማኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ሲስተር ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «አባቶቼ፣ ይህ ሰው እናንተን አልናቀም። የሚያስነሳው እኔ የሰጠሁት መድኃኒት ነው። ዕረፍት ማጣቱ የሕመሙ መስሎኝ ጨመርኩበት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፍርድም ካለ በእኔ ላይ ይሁን።»

የተማረ ሰው፣ ያውም የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሞ «አጠፋሁ» ሲል አይቼ አላውቅም። መሪጌታው ጢማቸውን እያሻሹ «ታዲያ አደረበት የተባለውስ?» አሉ። «ስለ እሱ እርስዎ ያውቃሉ አባቴ፤ እኔ የማውቀው ስለ እግሩ ነው» አሏቸው።

ለማስረዳት እንደ እሳቸው ያለ አልነበረም። «ዶፓሚን ሥራው አንድ ብቻ አይደለም» አሉ። «በአንደኛው የአእምሮ ክፍል ቁም ነገሩን ከተራው ይለያል፤ በሌላኛው እጅና እግርን ያዛል። መድኃኒቱ ግን መምረጥ አይችልም፤ የሁለቱንም ቦታ ተቀባይ ይይዛል። ድምፁን ዝም ስናሰኝ እግሩን አወክነው።»

«ሌላ መድኃኒት የለም?» አሉ መሪጌታው።

«አለ። ሴሮቶኒን የሚባል ሌላ መልእክተኛ አለ፤ በእንቅልፉም፣ በምግብ ፍላጎቱም፣ በደስታና በኀዘኑም እጁ አለበት። እሱ ደግሞ እግር በሚታዘዝበት ቦታ ዶፓሚንን በልጓም ይይዘዋል። አሁን የማስበው መድኃኒት የሴሮቶኒንንም ተቀባይ ስለሚይዝ ልጓሙ ይላላል፤ እግሩ እንዲህ አይታወክም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

አያ ታከለ አልተዋጠላቸውም። «ደግመሽ ብትሳሳቺስ?» አሉ።

«ልሳሳት እችላለሁ። ከተሳሳትኩ ግን እዚሁ ዛፍ ሥር መጥቼ እናገራለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ተመካከሩ። መሪጌታው ተመልሰው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል» አሉ። «ስሕተቱን ያልሸሸገ ሐኪምስ አይታመንም ትላላችሁ? እናንየ እስከ ጥምቀት ቤቷ ትቆይ። እሱም ጸበሉን ይጠጣ፤ ኪኒኑንም በጸበሉ ይዋጠው። በጥምቀት እግሩ ካልረጋ አባቷ ይውሰዷት።»

እኔ ግን ንዴቴ አልበረደልኝም። ወደ አስፋልቱ ስንወጣ «ለዚህ ያበቁኝ እርስዎ ነዎት!» አልኳቸው። «ልክ ነህ» አሉኝ። ሰበብ ቢደረድሩልኝ ኖሮ፣ እግዜር ያውቃል፣ ያን መድኃኒት በእጄ አልነካውም ነበር።

መጀመሪያ መጠኑን ቀነሱልኝ፤ ቀስ እያሉ ወደ አዲሱ አዛወሩኝ። በገበያ ቀን ይመጡና «እስቲ ቁጭ በል» ብለው ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ ያወሩኛል። እኔ ጨዋታ ይመስለኛል፤ እሳቸው እግሬን እያዩ ነው። በኋላ ነው የተረዳሁት። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን ይዘው ሲመጡም የእኔን ነገር ሳይደብቁ ይነግሯቸዋል። «ይህን ሰው ያሳበድኩት እኔ ነኝ» ይሉና ይስቃሉ፤ ከዚያ ፊታቸው ኮስተር ይላል። «በሽተኛው አልረጋም ብለው ሲነግሯችሁ ኪኒን ለመጨመር አትቸኩሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። መጀመሪያ ራሱን ጠይቁት።»

ጥምቀት ደረሰ። አያ ታከለ በማግስቱ ከች አሉ። ጠላ ቀረበላቸው፤ ጠጡ፤ ተጫወቱ። ዓይናቸው ግን ጠረጴዛው ሥር ነበር። እኔም እግሬን ሳይሆን የእናንየን ፊት ነበር የማየው፤ ቀለሟ ጠፍቶ ነበር ምስኪን። ሲመሻሽ አያ ታከለ በትራቸውን አነሱ። «በሉ ደኅና እደሩ» ብለው ብቻቸውን ሄዱ። እናንየ በሩን ዘግታ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

ሲስተር፣ እንግዲህ ቀብርዎ ላይ የነበረውን ልንገርዎ። የፍኖተ ሰላም መንገድ በሰው ሞልቶ ባጃጁም ጋሪውም ቆሞ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የጮሁት አማቴ ናቸው። «የልጄን ትዳር እንዳላፈርስ የያዘችኝ ሴት!» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እኔ ማልቀስ አቃተኝ። ንዴቱ አልለቅ ብሎኝ ነበር። አሁን ቢያገረሽብኝስ? ሌላው ሐኪም ቢሳሳት ማን መጥቶ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይለኛል? ምነው የእኛን እግርና እንቅልፍ ሲጠብቁ ለራስዎ ሳይሆኑ ቀሩ?

ማታ ቤት ስንመለስ እናንየ ስነሳ ትነሳለች፣ ስቀመጥ ትቀመጣለች። ምን እንደፈራች አላጣሁትም። ሲስተር ከሌሉ ይተወዋል ብላ ነው። ኪኒኑን በመዳፏ፣ ውኃውን በሌላው እጇ ይዛ ፊቴ ቆመች፤ ዋጠው አላለችኝም። ዋጥኩት። ዛሬም ውጫለሁ፤ ነገም እውጣለሁ። እርስዎን ተቆጥቼም ቢሆን፣ እየፈራሁም ቢሆን እውጣለሁ። እናንየ ቤቷ ናት፣ ሲስተር። ደኅና ይሁኑ፤ አሁን እንኳ እርስዎ ይረፉ።