ለላፕቶፕ የተሰፋ ማኅደር

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዳዊትና ለድርሳን የቆዳ ማኅደር ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ከገጠር አምጥቼ ቡሬ ከእኔ ጋር አኖርኳቸው። መምህር ነኝ። ላፕቶፕ ገዝቼ የገባሁ ዕለት ዙሪያውን በመዳፋቸው ዳሰሱና፣ ይህን የመሰለ ዕቃ እንዴት ራቁቱን ይዘህ ትዞራለህ ብለው ተቆጡኝ። ብዙም ሳይቆዩ ማኅደር ሰፉለት፤ በስንዝር ለክተው፣ ስፌቱን በጣታቸው እየተከተሉ። ለቻርጀሩ ገመድ እንኳ ቀዳዳ አበጁለት። የመጨረሻ ሥራቸው እንደሚሆን ሁለታችንም ሳናውቅ አልቀረንም።

ማታ ሥራዬን ስጨርስ ክዳኑን ዘግቼ ማኅደሩ ውስጥ እከተዋለሁ። ከአባቴ አልጋ ራስጌ ያለው ኩላብ ላይ ሰቅዬ፣ መብራት ካለ ገመዱን ሶኬት ላይ ሰክቼ እተኛለሁ።

ከዚያ ላፕቶፑ መጋል ጀመረ። ጧት ሳወጣው ይፋጃል። ግራ ገባኝ። ተዘግቶ ያደረ ዕቃ ምን ሲሠራ አድሮ ነው የሚሞቀው? ባልደረቦቼ ይባስ አወዛገቡኝ። አንዱ መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው አለ፤ ሌላው ቫይረስ ነው ብሎ ማለ። ፍኖተ ሰላም ጥገና ቤት ወሰድኩት። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ ዋለ፤ ምንም አልሆነም። ቤት ሲገባ ጋለ። ቤታችን ምን ቢኖርበት ነው እያልኩ ከዕቃ ጋር መጣላት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ጧት ጭራሽ ከማኅደሩ አልወጣም አለ። ስታገል የሰሙት አባቴ ቀርበው ስፌቱን ዳሰሱ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

"ልኬቱን ስቻለሁ" አሉ። "እጄም እንደ ዓይኔ ከዳኝ ማለት ነው።"

ቆዳው ደርቆ ተኮማትሮ ይሆናል አልኳቸው። ስለ ቆዳ ለእሳቸው የማስረዳ እኔ ሆንኩ። ስፌቱን ራሳቸው ፈቱት። ላፕቶፑ ሆዱ ተነፍቶ፣ ክዳኑ አልገጥም ብሎ ወጣ። አባቴ ግን ወደ አልጋቸው ተመልሰው ስለነበር አልዳሰሱትም። ያን ቀን ምሳም አልበሉም።

እንደገና ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። ባለሙያው መጀመሪያ የጠየቀኝ የት እንደማሳድረው ነው። ነገርኩት። ክዳኑን መዝጋት ማጥፋት አይደለም አለኝ፤ ቆዳ ውስጥ ታፍኖ ቻርጅ ሲደረግ እያደረ፣ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ባትሪውን አሳብጦታል። እንዳልጫነው፣ ስለት እንዳላስጠጋበት አስጠንቅቆኝ ባትሪውን ራሱ በጥንቃቄ አወጣው። ትንሽ ቢቆይ እሳት ያስነሳ ነበር አለ። ከሥሩ ማን እንደሚተኛ አልነገርኩትም።

መንገዱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ መጣሁ። ልኬትዎ ትክክል ነበር ልላቸው ፈልጌያለሁ። ታዲያ ምን አሳበጠው ቢሉኝስ? ማኅደርዎ ልበላቸው? በመጨረሻ ሁለቱንም ነገርኳቸው። እጅዎ አልሳተም፣ ያበጠው ዕቃው ነው፤ ከእንግዲህ ግን ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሳይሸፈን ነው የሚያድረው አልኳቸው።

አባቴ ማኅደሩን ጭናቸው ላይ አድርገው የተፈታውን ስፌት ዳሰሱ።

"ለኪዳን ስነሳ እዳስሰው ነበር" አሉኝ። "ይሞቃል። ልጄ ሲሠራ አድሮ አሁን ገና ማረፉ ነው እልና ደስ ብሎኝ እወጣ ነበር።"

ማኅደሩን መልሰው ሰፉት፤ ባዶውን ኩላቡ ላይ ተሰቅሏል። ጧት ሲወጡ አሁንም ሲዳስሱት እሰማለሁ።