ጋሽ መቀስ ጓንት ሲመርጥ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ መቀስ» ነው የሚለው። ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ወሬ ሲያወራ መቀሱን በባዶ አየር ላይ ቀጭ ቀጭ የማድረግ ልማድ ስላለው ነው። ወሬው ሲጥመው ቀጭታው ይፈጥናል፤ ሲከፋው ጭራሽ ይቆማል። ደንበኞቹ ፊቱን ሳያዩ በድምፁ ብቻ የልቡን ያውቃሉ።

የሱቁ መስታወት ከመስኮቱ ትይዩ ስለተሰቀለ ከደንበኛው ራስ በላይ ሁልጊዜ ተራራው ይታያል። ጋሽ መቀስ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያን ተራራ እያየ ፀጉር ቆርጧል፤ አንድ ቀን እንኳ አልወጣውም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ከመዋል እግሩ ማበጥ ሲጀምር ግን፣ ግድግዳ የሚጋራው ባለ ሥጋ ቤቱ መጣና ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

«አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ያበጠው መቆም በዝቶበት ሳይሆን መሄድ ናፍቆት ነው» አለው። «እሁድ እሁድ ከእኛ ቡድን ጋር ተራራ ውጣ።»

«በዚህ ብርድ?»

«ብርድማ ለሥጋ ጥሩ ነው። አያበላሽም።»

ጋሽ መቀስ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እህቱ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ሕፃን መቀበል ካቆመች ጀምሮ እጇ ሥራ መፍታት ስላቃተው ሹራብ ትሠራለች፤ ለወንድሟ፣ ለጎረቤት፣ ለሻይ ማንቆርቆሪያው ሳይቀር። ተራራ ሊወጣ መሆኑን ስትሰማ ወፍራም የሱፍ ጓንት ሠርታ ሰጠችው፤ ቀለሙ የሎሚ ቢጫ።

«ምነው ቢጫ፣ እትዬ?»

«ገደል ከገባህ ቶሎ እንዲያገኙህ ነዋ!»

የመጀመሪያው እሁድ ሲነሱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ደመናው ዝቅ አለና ዝናብ የተቀላቀለበት በረዶ ይወርድ ጀመር። የሱፉ ጓንት መጀመሪያ ደህና ሞቀው፤ ከዚያ ውሃውን እንደ ስፖንጅ ጠጣ። ነፋሱ ሲነሳ እጁ ላይ እርጥብ ፎጣ የተጠመጠመበት መሰለው። ጣቶቹ መጀመሪያ ጠዘጠዙት፣ ቀጥሎ ምንም አልተሰሙትም። የባሰው ደግሞ የሽንቱ ጉዳይ መጣ። ከአለት ጀርባ ሄዶ ሱሪውን ቢታገል ቢታገል ጣቶቹ እምቢ አሉ። መጨረሻ ላይ ባለ ሥጋ ቤቱን ጠራው።

«ወንድሜ፣ ና እስቲ... ቁልፉ አልከፈት አለኝ።»

«የየትኛው በር ቁልፍ?»

«የሱሪዬ!»

ባለ ሥጋ ቤቱ ከሳቁ ጋር እየታገለ ከፈተለት፣ ኋላም ቆለፈለት። «ከእኔና ከዚህ አለት በቀር የሚያውቅ የለም» ብሎም ማለለት። አለቱ አውርቶ መሆን አለበት፤ ሰኞ ጠዋት መንገዱ በሙሉ ሰምቶ ጠበቀው። ዳቦ ሻጯ በመስኮቷ ብቅ ብላ «ጋሼ፣ ቁልፉ ተገኘ?» አለችው።

እሱም አብሮ ሳቀ። ሱቁ ገብቶ ምላጭ ሲያነሳ ግን ሳቁ ጠፋ። የጣቶቹ ጫፎች ገና ድንዝዝ እንዳሉ ነበሩ። የመጀመሪያውን ደንበኛ ጢም ሊላጭ አልደፈረም፤ «ከሰዓት ተመለስ» ብሎ ሸኘውና እጁን በለብ ያለ ውሃ ነክሮ ተቀመጠ። ያን ጠዋት መቀሱ ቀጭ አላለም። ከእነዚህ ጣቶች ሌላ ሀብት የለውም፤ ተራራውንም መተው አልፈለገም። ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ያየው ነገር፣ ከተማው ከታች እንደ ተበተነ የክብሪት ቀፎ ሆኖ፣ ልቡን ከፍቶለት ነበር። እግሩም ቀለል ብሎታል። ስለዚህ ደህና ጓንት ሊገዛ ወሰነ፤ ለእህቱ ግን ትንፍሽ አላለም። ስለዚያ ሁሉ ሱፍ ምን ብሎ ይንገራት?

የተራራ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ ወጣት ሴት ተቀበለችው። እሱ መጀመሪያ ያነሳው ለስላሳ የቆዳ ጓንት ነበር።

«ጋሼ፣ እሱ መኪና ለመንዳት ነው» አለችው። «ዝናብ ሲነካው ይደርቅብዎታል።»

ቀጥሎ እንደ ትራስ ያበጠ አመጣችለት። ጋሽ መቀስ አጠለቀና ከኪሱ መቀሱን አወጣ። ልጅቷ ደንግጣ አንድ እርምጃ ሸሸች። እሱ ግን ጣቱን በመቀሱ ቀለበት ለማስገባት ብቻ ነበር የፈለገው፤ አልገባም።

«ውስጡ እጅ ያለ አይመስለኝም» አለ ጣቱን ለማጠፍ እየታገለ። ደግሞ ሌላ አነሳ። «ይሄስ ውሃ ያስገባል?»

«ይሄ ውሃ ይቋቋማል።»

«አያስገባም ማለት ነው?»

«አይደለም። ለካፊያ ይበቃል፤ ዝናብ ሲዘልቅበት ያስገባል። እርስዎ የሚፈልጉት ጨርሶ የማያስገባውን ነው። ከውስጡ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን አለው።»

ጋሽ መቀስ ሰው የነገረውን ማመን ይወዳል፤ የሱሪውን ጉዳይ ግን አልረሳም። ባልዲ ውሃ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ልጅቷ እየሳቀች ከጓሮ አመጣች፤ ሌሎች ገዢዎችም ከበቡት። የማያስገባውን ጓንት አጥልቆ እስከ አንጓው ነከረና ቆየ። ሲያወጣ እጁ ደረቅ ነበር። አንድ ሽማግሌ አጨበጨቡ። ገዝቶ ወጣ፤ የራሱ ሱቅ ውስጥ ከፎጣዎቹ ሥርም ደበቀው።

ድብብቆሹ ግን እስከ ማታ አልዘለቀም። ወሬው ወዲያው የደረሰው ባለ ሥጋ ቤት አፉ ወንፊት ነው። እህትየው ሥጋ ልትገዛ ስትገባ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ወንድምሽ አዲስ ጓንት ገዛ አሉ!» አላት። እራት ላይ ሾርባዋን ደጋግማ አማሰለች። ጋሽ መቀስ ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ ደንበኞቹ አወራ። በመጨረሻ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«የኔ ሱፍ አልሞቀህም?»

«ይሞቃል፣ እትዬ። ግን... ውሃ ይጠጣል።»

«ታዲያ እሱን ለኔ መንገር አቅቶህ ነው? በሥራ ዘመኔ ስንት የሚጮህ ሰው ስሰማ ኖሬ፣ 'ጓንትሽ ራሰ' ስትለኝ የምሞት መሰለህ?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«የከፋኝ ከሥጋ ሻጭ መስማቴ ነው! በል ነገ አምጣውና አሳየኝ።»

በማግስቱ መነጽሯን አድርጋ ጓንቱን ገለባበጠችው። ስፌቱን አመሰገነች፤ አንጓው ረጅም ሆኖ የጃኬቱን እጅጌ መሸፈኑንም ወደደችው። ከዚያ እጁን እንዲያረጥብ አዘዘችው፣ አስጠለቀችው፣ «አሁን አውጣው» አለችው። ሲያወጣ የውስጡ ገበር ከእርጥብ እጁ ጋር ተጣብቆ እንደ ኪስ ተገልብጦ ወጣ። መልሶ ሊያስገባው ቢሞክር ጣቶቹ መንገዳቸውን አጡ።

«እላይ ብርዱ ውስጥ ይሄን ልትጫወት ነው?» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። ኩርፊያው እዚያው አለቀ።

አብረው ወደ ተራራ ዕቃ ሱቁ ሄዱ። ልጅቷ ታሪኩን ሰማችና «እውነትዎን ነው እትዬ፣ የዚህ ዓይነት ገበር አንዳንዴ ያስቸግራል» ብላ ያለ ክርክር ቀየረችላቸው። አሁን ያመጣችው ገበር የሌለው፣ ውሃ የማያስገባ፣ ሰፊ የላይኛው ጓንት ብቻ ነበር። ከሥሩ ሌላ ስስ ጓንት ይጠለቃል፤ ቢርስም ይወልቅና ይቀየራል።

እህትየው ዓይኗ በራ። «ስሱን እኔ እሠራዋለሁ። ስትለኩ ግን ጣቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ቦታ ይተው፤ የጠበቀ ነገር ደም ያግዳል።»

እሱ ሲለካ እሷ ወደ መደርደሪያው ሄዳ፣ አውራ ጣት ብቻ የተለየለትን፣ አራቱ ባንድ ከረጢት የሚገቡበትን ዓይነት እያጠለቀች ነበር።

«ለማን ነው?» አላት።

«ለኔ ነዋ። ሱፌ እላይ ምን እንደሚሆን በዓይኔ ማየት አለብኝ። ደግሞ ጣቶች እንደ እህትና ወንድም ናቸው፤ አብረው ሲተኙ ይሞቃሉ።»

ጋሽ መቀስ ሊከራከር ፈለገ፤ ፊቷን አየና የእሷንም ሒሳብ ከፈለ።

በሚቀጥለው እሁድ ቡድኑ በእሷ እርምጃ ሄደ። ቀስ ትላለች፣ አትቆምም። በረዶው በተለመደው ቦታ ጀመረ፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ኮፍያውን እየሳበ ተራገመ። ጋሽ መቀስ በረዶው የጓንቱ ጀርባ ላይ እያረፈ፣ እየቀለጠ፣ እየተንከባለለ ሲወርድ አየ። ከውስጥ ስሱ ሱፍ ደረቅ ነበር። በየመሃሉ ጣቶቹን ያጥፋቸዋል፣ ይዘረጋቸዋል፤ ሁሉም አቤት ይላሉ።

ጫፉ ድረስ አልወጡም። ከድንጋይ የተሠራው መጠለያ ጋ ሲደርሱ እህትየው «የዛሬው ድርሻዬ ይኸው ነው» ብላ ተቀመጠች። ማንም ትቷት ማለፍ አልፈለገምና ሁሉም ተቀመጠ። ጋሽ መቀስ የላይኛውን ጓንት አወለቀ፤ በስሱ ብቻ ሆኖ ብርቱካን ለሁሉም ልጦ አደለ። ከቡድኑ አንዷ ስሱን ሱፍ ዳበሰችና «እትዬ፣ ለኔም ይሠሩልኛል?» አለች። ሌላውም ቀለም ይመርጥ ጀመር።

«ለሁላችሁም እሠራለሁ» አለች። ወደ ባለ ሥጋ ቤቱ ዞር ብላ «ለአንተ ግን ለአፍህ የሚሆን ነው የምሠራልህ» ስትለው መጠለያው በሳቅ ተናጋ። በጣም የሳቀው ራሱ ነበር።

በዚህ መሃል ደመናው ተቀደደ። ከዚህኛው ተራራ ጀርባ ከከተማው የማይታይ ሌላ ተራራ ብቅ አለ፤ ረጅም፣ ነጭ፣ ጫፉ ፀሐይ የመታው። ሁሉም ወደዚያ ዞረ። እህትየው በከረጢት ጓንቷ ግንባሯን ከልላ ደህና አድርጋ አየችው።

«ለዚያኛውስ መንገድ አለው?» አለች።

ባለ ሥጋ ቤቱ ብርቱካኑን መዋጥ ተሳነው።