የአንድ ሰዓት በረራና የባሌ ጥርሶች

ባሌ አብዱልመናን የፊት ጥርስ የለውም። አራቱም በአንድ ቀን ነው የረገፉት። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል!

ሃያ ዓመት ሚኒባስ ነድቷል፤ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ እየጫነ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ ያመጣል። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በሰማይ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ በረራው አንድ ሰዓት እንኳ እንደማይሞላ፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል። «በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ከምትንገላቱ!» ይላል። እኔ ደግሞ «ለመሆኑ አንተ ተሳፍረህበት ታውቃለህ?» ብዬ አፉን አስይዘዋለሁ።

ያን ሰሞን ጎረቤታችን ሀሚዱ ሐይቁ ዳር ተገደለ። ከሥራ ጓደኛው ከሐቢብ ጋር በዓሣ መረብ ተጣልተው፣ ሐቢብ በመቅዘፊያ አናቱን ብሎት ነው። ገዳዩ አምባሰል ተራራ ላይ ተሸሸገ። ባለ ደሞችን እያስታረቁ ደም የሚያደርቁት ሽማግሌ፣ አባጋሩ፣ መልእክት ላኩበት፦ «ማክሰኞ በእግርህ ውረድ። ከሰዓት ለአሱር ሶላት ደጄን ከረገጥህ ማንም አይነካህም። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ ካገኙህ ግን አላህ ያውቃል።» በእኛ አገር አባጋር ደጅ የገባን ሰው የነካ የተረገመ ነው።

የሟቹ ወንድም ሰዑድ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ሐቢብ እንደሚወርድ የሰማው በዚያው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እዚህ ያለው ሽማግሌ ሁሉ «በአውቶቡስ ነገ ነው የሚደርስ» ብሎ ልቡን ጣለ። ወይ ጉድ! አንድም ሰው አውሮፕላኑን አላሰበም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰዑድ ኮምቦልቻ አርፎ የአብዱልመናን መኪና ውስጥ ገባ። ገበያው ጋ አስቁሞ ገጀራ ገዛ። «ጋሼ፣ ንዳው! ከአሱር በፊት መንገዱ ላይ ልድረስበት» አለ። ሐቢብ ስልክ የለው፣ ማን ያስጠንቅቀው?

ሐረጎ አቀበት መሀል ሲደርሱ ባሌ መኪናውን አቆመ። ቁልፉን ነቀለና ገደል ወረወረው። ወላሂ፣ ወረወረው!

ሰዑድ ጎትቶ አወረደው። በቡጢ አለው፣ በእርግጫ አለው። ሌላ መኪና ሊያስቆም ሲል አብዱልመናን ሁለት እግሩን አቅፎ «ገጀራ ይዟል! አትጫኑት!» እያለ ይጮሃል። ሰዑድ በገጀራው እጀታ አፉን መታው፤ ጥርሱ ከደም ጋር አስፋልቱ ላይ ተበተነ። «ልቀቀኝ! ወንድሜን እኮ ነው!» ይላል ሰዑድ። ባሌ አልለቀቀም። አንድ ክንዱ ሲሰበር በሌላኛው ያዘው።

ከታች ካለው መስጊድ የአሱር አዛን ሲሰማ ገጀራው ከሰዑድ እጅ ወደቀ። እዚያው ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የባሌን ደም በገዛ ሸሚዙ ይጠርግለት ነበር አሉ። ሐቢብ በዚያች ሰዓት የአባጋሩን ደጅ ረግጧል።

ሐቢብ ከአባጋሩ ደጅ ለሕግ ተሰጥቶ እስራቱን ጨርሶ ከወጣ ወዲህ ጁምዓ ጁምዓ ዓሣ ያመጣልናል። የመጀመሪያ ቀን ሳህኑን ፊቱ ላይ ልደፋበት ነበር፤ ባሌ የተቀጠቀጠው ለዚህ ሰው ነው ብዬ። ክዳኑን ስከፍተው ዓሣው ለስልሶ ተቀቅሎ፣ እሾሁ አንድ በአንድ ተለቅሟል። ጥርስ የሌለው ሰው እንዲበላው አድርጎ ነው የሠራው።

ባለፈው ዒድ ሰዑድ በአውሮፕላን መጣና ከእኛ ጋር ማዕድ ቀረበ። ሐቢብ ሳህኑን እንደያዘ በራችን ላይ ደርቆ ቀረ። ሰዑድ ብዙ ካየው በኋላ ወደ ባሌ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«ግባ» አለው። «ይቀዘቅዛል።»